የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ግድግዳ የሰፈሩ ነው

በጀጎል ግንብ ውስጥ ለምትገኙ የሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለክረምቱ ዝግጅት ከተያዘው ገንዘብ ጥቂቱ በሰፈራችን ላለችው አሮጌ መስጊድና ለቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ጥገና ይዋል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል ይባል እንጂ ወደቀ ማለት ይቻላል። እንዴት እንደወደቀ በስብሰባው ያልተገኛችሁም ብትሰሙት ጥሩ ነው። አንዱ ተነሥቶ «መስጊድ የሙስሊሙ፣ ቤተ ክርስቲያን የክርስቲያኑ ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ የመንገድና የቦይ ነው፤ ሁሉም የራሱን ይጠግን» አለ። ተጨበጨበለት። ሌላው ቀጥሎ «ከውጭ አገር ገንዘብ ተልኮልናል፤ ሲሚንቶውም ሴራሚኩም ሊገዛ ነው፤ የማንንም ብር አንፈልግም» አለ። ለዚህም ተጨበጨበ። እኔ ግን ሁለቱም ንግግር ልክ አይደለም እላለሁ፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይም እከራከራለሁ። የማይስማማ ሰው መልሱን ጽፎ ያምጣ፣ ቦታ እንሰጠዋለን።

መጀመሪያ «የራሱን» የምትለዋን ቃል እንያት። ጀጎል ሰፊ አገር አይደለም። ግንቡ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡ 48 ሄክታር ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበን በዚህች ቦታ ላይ 82 መስጊድና 102 አዋች ቆጥሯል። ከመስጊዶቹ 3ቱ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ላይ ፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም አለ፤ የካቶሊክ ሚሲዮንም አለ። እስቲ አካፍሉት፤ መስጊድና አዋቹን ብቻ ብትቆጥሩ እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከሩብ ሄክታር እምብዛም አያልፍም። እኛስ ታዲያ የት ነው የምንኖረው? በመካከላቸው ነዋ! የመስጊዱ የኋላ ግድግዳ የአንድ ቤተሰብ ጓዳ ግድግዳ ነው። የዚያ ቤት ደጃፍ ከአዋቹ ደጃፍ ጋር ይተያያል። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚያልፈው ቦይ ታች ወርዶ መስጊዱ ጥግ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት ያ ቦይ በፌስታል ተደፍኖ ውሃው ሲገነፍል የማንን ግድግዳ እንደመታ ሁላችሁም አይታችኋል። ውሃው ጠይቆ አልገባም። መስጊዷንም መታ፣ ሁለት የክርስቲያን ቤትና አንድ የሙስሊም ቤትም መታ። እንግዲህ «ማኅበሩ የቦይ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ቦዩ የማኅበሩ ከሆነ ቦዩ የሚያበሰብሰው ግድግዳ የማን ሊሆን ነው?

ከስብሰባው በኋላ ደሞ በየደጃፉ በሹክሹክታ የተወራ አለ። በስብሰባ ላይ ቢነገር ይሻል ነበር። በአንድ ወገን «ፈረስ መጋላ ያለው ቤተ ክርስቲያን ምን ቦታ ላይ እንደተሠራ ታውቃላችሁ፤ እኛ ለአጥር ልናዋጣ?» ተባለ። በሌላው ወገን «ዐፄ ገላውዴዎስን የገደለ ሰው በተቀበረበት አገር ለአዋች ኖራ እናዋጣ?» ተባለ። ወሬው እኔ ጆሮ ደርሷል፤ እናንተም ሰምታችኋል፤ ስለዚህ አደባባይ ላይ እናውጣው።

ሁለቱም ታሪክ ነው፤ አልክድም። ግብፆች ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘው ሳለ ፈረስ መጋላ ላይ መስጊድ አሠርተው ነበር። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከገቡ በኋላ፣ ራስ መኮንን አገሩን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ በዚያ ቦታ መድኃኔ ዓለም ተሠራ። አሚር ኑርም ዐፄ ገላውዴዎስን የገጠሙት በ1551 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡም በዚያ ጦርነት ሞቱ። አሚር ኑር እዚሁ ከተማ ተቀብረዋል፤ ጀጎልን በግንብ ያጠሩትም እሳቸው ናቸው። ይህንን ልጆቻችን ይማሩት እንጂ አንደብቃቸው። እኔ የምለው ግን፣ በዚህ ሂሳብ ከሄድን ማን ቤት ይቀራል? የአሚር ኑርን ግንብ ተደግፎ ቤት የሠራ ክርስቲያን በሰፈራችን አለ። ግንቡ ይፍረስ ይላል? አይልም፣ ቤቱ አብሮ ይወርዳልና። ራስ መኮንን ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ሰው ሲሆኑ ልጃቸውን ተፈሪን ፈረንሳይኛ የተማረው ከካቶሊክ ሚሲዮን ሰዎች ዘንድ ነው፤ ምን ይሉኝ ብለው አልከለከሉትም። የድሮ ሰዎች ሲዋጉ ተዋግተዋል። ሲጎራበቱ ደግሞ ተጎራብተዋል። እኛ ምንም ሳንዋጋ ለአንድ ማዳበሪያ ኖራ የጨለንቆን ሂሳብ እናወራርዳለን። እኔን ያናደደኝ ይኸ ነው።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልምጣ። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው፤ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

አሮጌ ግድግዳችን እንዴት እንደተሠራ የማያውቅ የለም። ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ መካከል ጭቃ ነው፤ አልፎ አልፎ ግድግዳውን የሚያስር እንጨት ይገባል፤ ከላዩ ኖራ ይቀባል። ይህ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም ይተፋል። በዝናቡ ጊዜ ከመሬት ርጥበት ይስባል። በጋ ሲሆን ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ርጥበቱ በኖራው በኩል ወጥቶ ይደርቃል። ኖራ ቀጭን ነው፤ ትንፋሽ አይከለክልም። በየዓመቱ መቀባቱም ለዚህ ነው እንጂ ለውበት ብቻ አይደለም። የጀጎል መስጊዶች በኖራ ነጥተው የሚታዩት ዛሬ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ሲመለስ በጻፈው መጽሐፍ ላይ የጃሚዕ መስጊድ ሁለት ሚናራዎች በኖራ የነጡ እንደነበሩ አስፍሯል። ሰውየው ስለ ከተማችን ጥሩ ነገር የመናገር ልማድ አልነበረውም። ይህን ግን አይቶ ጻፈ።

ሲሚንቶ ሌላ ነገር ነው። ለአዲስ ፎቅ፣ ለብሎኬት፣ ለድልድይ ጥሩ ነው፤ ማንም አይጠላውም። በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ላይ ሲለሰን ግን እንደ ላስቲክ ያፍነዋል። ውሃው ከሥር መግባቱን አያቆምም፤ መውጫውን ግን ያጣል። ውስጥ ያለው ጭቃ ይላሽቃል። ውሃው ጨው ይዞ ይመጣና ድንጋዩን ከልስኑ ሥር ይበላዋል። እንጨቱ ይበሰብሳል። ክፋቱ ደግሞ ከውጭ አለመታየቱ ነው፤ ልስኑ ጠንካራ ስለሆነ ግድግዳው ሙሽራ መስሎ ይቆማል። ከዚያ አንድ ቀን ልስኑ የድንጋዩን ፊት ይዞ ተገንጥሎ ይወርዳል፤ ወይም ግድግዳው ሆዱን ይነፋል። የዘይት ቀለምም ያው ነው። የአዋቹን ቁባ አረንጓዴ ለማድረግ የዘይት ቀለም የደራረባችሁ ሰዎች በቀና ልብ እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ፤ ግን ሄዳችሁ ቀለሙን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፤ ከሥሩ እርጥብ ነው።

በስብሰባው ላይ «አንተ መሐንዲስ ነህ እንዴ?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። አይደለሁም። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት በላይ የለኝም። ነገር ግን ዐይን አለኝ፤ እናንተም አላችሁ። የመስጊዷን የምሥራቅ ግድግዳ በሲሚንቶ ከለሰኑት ወዲህ ከጀርባው ያለው ቤት ጓዳ ምን ሆነ? በፊት ደረቅ የነበረ ጓዳ አሁን በርበሬ አያስቀምጥም፤ ይሻግታል። የቤቱ እመቤት ሦስት ጊዜ አቤት ብለዋል፤ ማንም አልሰማቸውም፤ «የመስጊድ ጉዳይ ነው» ተባሉ። የቤተ ክርስቲያኑስ አጥር? በሰሜን በኩል የተደረመሰውን ቦታ በሲሚንቶና በድንጋይ ደፍነው «አሁን አይነቃነቅም» ብለውን ነበር። ልክ ነው፣ የተደፈነው አልተነቃነቀም። ከግራና ከቀኙ ያለው አሮጌው ግንብ ነው ተገፍቶ የወጣው። ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ። እንግዲህ ይህን ለማየት መሐንዲስነት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«ከውጭ ገንዘብ ተልኮልናል» ለሚሉት። ገንዘቡን የላኩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አላህ ይስጣቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እነሱን የሚወቅስ ሰው የለም። ሰው በስደት አገር ሆኖ ከደመወዙ ቀንሶ የልጅነቱን መስጊድ ማሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ግን ገንዘቡ ብቻውን አይመጣም፤ ፎቶግራፍም አብሮት ይመጣል። ፎቶው ላይ በባሕረ ሰላጤው አገር የተሠራ የሚያብረቀርቅ መስጊድ ይታያል፤ «እንዲህ አድርጉት» ይባላል። ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ በየቦታው የሚሠራውን አዲስ ዓይነት በር፣ የሴራሚክ ወለል፣ የብረት አጥር አይቶ «የእኛስ?» የሚል አለ። ወንድሞቼ፣ ያ መስጊድ በአገሩ በብረትና በኮንክሪት ተሠርቷል፣ ያምርበታል። የእኛዋ በድንጋይና በጭቃ ተሠርታለች። የሽማግሌን ጥርስ ነቅሎ ወርቅ መትከል ይቻላል፤ ድዱ ግን ይችለዋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ገንዘቡን ለላኩት ሰዎች እውነቱን ጽፈን እንላክላቸው። የእናቷ ቤት በኖራና በቀይ አፈር ሲታደስ ያየች ልጅ ነገሩ ይገባታል፤ ቶሮንቶም ብትሆን ይገባታል።

«አሮጌ ነገር ድህነት ይመስላል፤ እንግዳ ሲመጣ እናፍራለን» የሚሉም አሉ። እነዚህን መመለስ አልፈልግም። እንግዳው የሚመጣው ምን ለማየት እንደሆነ ቢጠይቁት ይነግራቸዋል።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እሱን የጠየቁኝ አንድ አዛውንት ሐጂ ናቸው። «ልጄ፣ ሰዉ በዛ። ዓርብ ዓርብ ወጣቱ መንገድ ላይ ነው የሚሰግደው። የውዱእ ቦታችን ጭቃ ነው፣ ሽማግሌ ይወድቃል። አንተ ቅርስ ቅርስ እያልክ በዝናብ ልታሰግደን ነው?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። የጸሎት ቤት ሙዚየም አይደለም። ሰው የማይጸልይበት መስጊድ፣ ቅዳሴ የሌለበት ቤተ ክርስቲያን፣ ኖራ ቢቀባም ቢቆለፍም ያው ፍርስራሽ ነው። ስለዚህ የውዱእ ቦታው ይሠራ፤ ከአሮጌው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በሲሚንቶ፣ ውሃው በቱቦ ወደ ቦይ እንዲሄድ ሆኖ ይሠራ። የዝናብ መጠለያም በግቢው ውስጥ ግድግዳውን ሳይነካ በራሱ ምሰሶ ሊቆም ይችላል። ለዚህ ከውጭ የመጣው ገንዘብ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ሐጂም ይህን ስነግራቸው «እንዲህ ከሆነስ» ብለዋል። ነገሩ ከመፍረድ በፊት መነጋገር ነው የጎደለው። ገንዘቡ ለሴራሚክ ከጠፋ በኋላ ግን ለውዱእ ቦታው የሚሆን አይኖርም፤ የሽማግሌዎቹም ጭቃ ይቀጥላል።

ሕግም አለ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የፈቃዱ ጉዳይ አድካሚ መሆኑን፣ «ነገ ተመለሱ» ማለት እንደማያልቅ ሁላችን እናውቃለን። አንዳንዱ በሌሊት የሚለስነው ለዚህ ነው። ግን ሃያ ሰው አንድ ላይ ፈርሞ፣ የመስጊዱ ኮሚቴና የሰበካ ጉባኤው በአንድ ወረቀት ላይ ማኅተማቸውን አድርገው ቢጠይቁ ነገሩ ይለያል። ይህንን ሞክረን አናውቅም። እስካሁን የሄድነው ለየብቻ ነው፤ ለየብቻም ነው የተመለስነው።

ሌላ ያልተነሣ ነገር። ኖራ ማዘጋጀት የሚያውቅ ሰው እያለቀብን ነው። የድሮ ግንበኞች አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ብሎኬት ነው የሚያውቁት። ኖራው ቢገዛም እንዴት እንደሚበርድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወነፍ፣ ግድግዳው ቀድሞ በውሃ መርጠብ እንዳለበት፣ አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሦስት ቀጭን ቅብ እንደሚሻል የሚያውቁት በየዓመቱ ለበዓል ቤታቸውን የሚቀቡት እናቶች ናቸው። በስብሰባው ላይ ግን ስለ ግድግዳ የተናገሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ሰሙ፤ አንዷም አልተጠየቀችም። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ ብዬ ለሊቀ መንበሩ አመልክቻለሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይኸ ነው። አንደኛ፣ ከማኅበሩ የክረምት ገንዘብ ላይ ለኖራ፣ ለጭቃ ሥራና ለቦይ ጠረጋ ይውጣ። መስጊዷም፣ የአዋቹ ቁባም፣ የቤተ ክርስቲያኑም አጥር ከዚያው ገንዘብ ይጠገኑ፤ የማን ድርሻ የት ዋለ ተብሎ እንዳይቆጠር በአንድ መዝገብ ይያዝ፤ መዝገቡን የፈለገ ይየው። ከመስጊዱ ኮሚቴና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ውጭ ማኅበሩ አንድ ድንጋይ አይነካም። ከሙሪዶቹም ፈቃድ ውጭ እንደዚሁ፤ ባለቤትነታቸውን የሚወስድባቸው የለም። በፊት የተለሰነው ሲሚንቶ ግን በችኮላ አይነሣ። ሲነሣ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳልና የሚያውቅ ባለሙያ አይቶት በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። መጀመሪያ ቦዩ ይጠረግ፤ የመንገዱ ንጣፍ በየጊዜው ከፍ እያለ ውሃውን ወደ ግድግዳው ሥር የመለሰበት ቦታ ይስተካከል። ግርጌው ካልደረቀ ከላይ ኖራ ብንቀባ በከንቱ ነው።

የጉልበት ሥራውን በተመለከተ፣ ወጣቶቹ «እነሱ ለእኛ ይመጣሉ ወይ?» እያሉ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ይህ ከተማ አፎቻ ያለው ከተማ ነው። እድርም አለ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን ተከለ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ሁለት ቀብር በአንድ ሳምንት ሲሆን ወንበሩም ብርጭቆውም ከየትኛው ቤት እንደመጣ እስካሁን አልተለየም፤ እኔ ጸሐፊው ስለምቆጥር አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ብርጭቆ አሁንም ባለቤት አላገኘም። ባለቤቶቹ ቢሮ መጥተው ይውሰዱ።

ለመጀመር ኖራው ቀድሞ መብረድ አለበት፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በውሃ ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል። ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ቅቡ ማለቅ ስላለበት ቀን አናባክን። ስብሰባው ዓርብም እሑድም እንዳይሆን ተነጋግረን ቅዳሜ ከቀኑ በ9 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ይደረጋል። ባለ ሲሚንቶዎቹም ይምጡ፣ እነሱ ከሌሉ ስብሰባው ዋጋ የለውም። ያረጀ በርሜል ያለው ሰው ለኖራው ማብረጃ እንዲያውሰን፣ ወንፊት ያላችሁም ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን። ዕቃው በደረሰኝ ይመለሳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ